አይዞሽ በሉኝ፣ ጠንከር በይ ግን አትበሉኝ

(ሰሞኑን ለወጣቶችና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። በጽሑፍ ላኪልን ያላችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ እነሆ። ከመጨረሻው ጥያቄና መልስም የተወሰነውን አስገብቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ከአዋጁ ቁጥር በስተቀር።)

እንደምን ዋላችሁ! ቁጭ ብዬ ነው የማወራችሁ። ብዙ ስቆም ልቤ ድው ድው ማለት ይጀምራል፣ ራሴን ያዞረኛል፣ ልናገር ያሰብኩት ቃል ይጠፋብኛል። ይሄም የዛሬው ጉዳያችን አካል ስለሆነ ከዚሁ ልጀምር።

ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ሁለት ሕመም አብረውኝ ይኖራሉ። አንዱ ፋይብሮማያልጂያ ይባላል። አንገት፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ጭን ሳይል መላ ሰውነትን የሚያዳርስ፣ ወር ገብቶ ወር ቢወጣ የማይለቅ ቁርጥማት ነው። ሁለተኛው ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም ነው፤ ሐኪሞች ዛሬ ኤም ኢ ከሚለው የቆየ ስሙ ጋር አጣምረው ይጠሩታል። ከስድስት ወር በላይ የሚዘልቅ፣ ቢተኙለት የማይለቅ ድካም ነው። ሁለቱ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ላይ ተደርበው ይገኛሉ። እኔም ላይ እንደዚያው።

ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልናገር ነው። እንደኔ ላለ ሰው «ጠንከር በይ» የሚለው ምክር አያድንም። እንዲያውም ያባብሳል። ይህን የምለው ሰው ስላስከፋኝ አይደለም። የሚመክሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ ይወዱኛል። ግን ምክሩ ሰውነታችን ውስጥ ከሚሆነው ነገር ጋር ይጋጫል፤ እንዴት እንደሚጋጭ በደንብ ላስረዳችሁ።

በኛ አገር አንድ ወጣት ሁሌ ደከመኝ፣ ሁሌ ያመኛል ካለ ቀድሞ የሚሰማው መልስ የታወቀ ነው። ታይፎይድና ታይፈስ። ደም ይሰጣል፣ ወረቀቱ ላይ ቁጥር ይጻፋል፣ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። ዊዳል የሚባለው ብዙ ቦታ የሚሠራ የታይፎይድ ምርመራ፣ ድሮ ታሞ የዳነን ሰውም ሆነ በሌላ ኢንፌክሽን የተያዘን ሰው አለበት ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ አለ ይላል፣ መድኃኒቱ ይዋጣል፣ ድካሙ ግን እዚያው ነው። ቀጥሎ ጨጓራ ይባላል። ቀጥሎ «ነርቭ ነው» ይባልና የቫይታሚን ቢ መርፌ ይመጣል። ጎረቤት ብርድ ገብቶሽ ነው ብላ ፌጦ በሎሚ ታቀርባለች። አሜሪካ ያለ ዘመድ በብልቃጥ ቫይታሚን ይልካል። ሁሉም ከደግ ልብ ነው።

ጠበልም ሄጃለሁ። ከእማዬ ጋር። ያገኘሁበት ጽናት ቀላል አይደለም፤ ማንም ሰው ያንን እንዲተው አልመክርም። ነገር ግን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቶ፣ በብርድ ተሰልፎ፣ ቆሞ መጠበቅ እንደኔ ላለ ሰው ራሱን የቻለ ጉዳት ነው። አንድ አባት ሁኔታዬን አይተው «ልጄ፣ ቁጭ ብለሽ ተጠመቂ፤ እግዚአብሔር የቆመውን ብቻ አይደለም የሚያየው» አሉኝ። እስከዛሬ ከሰማኋቸው የሕክምና ምክሮች ሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ይሄን ነው። እኒያ አባት ጠንከር በይ አላሉኝም። እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ።

ከዚያ የሆስፒታሉ ውጤት ይመጣል። ደም ማነስ የለም። ታይሮይድ ደህና ነው። ራጁ ንጹሕ ነው። ሐኪሙ ደስ ብሎት «ምንም የለብሽም» ይላል። እሱ ሊል የፈለገው የሚያሰጋ ነገር አላገኘሁም ነው። እቤት ሲደርስ ግን ትርጉሙ ይለወጣል። ምንም ከሌለባት ታዲያ ለምንድነው የምትተኛው? ከዚያች ቀን ጀምሮ የታመመ ሰው መሆንሽ ይቀርና ሰነፍ ትሆኛለሽ። ብዙዎቻችንን የሚሰብረን ይቺ ሰዓት ናት። ሕመሙን ለብቻው ብንሸከመው ይሻል ነበር፤ እኛ ግን ማስረጃ የማቅረቡንም ሥራ አብረን እንሸከማለን።

ምርመራው አያስፈልግም እያልኩ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ያስፈልጋል። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ዲ እና የቢ12 እጥረት፣ ስኳር፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ ሉፐስ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ እነዚህ ሁሉ ድካምና የሰውነት ሕመም ያመጣሉ። ሁሉም ደግሞ ሕክምና አላቸው። ሳይመረመሩ «እኔም ፋይብሮማያልጂያ ሳይኖርብኝ አይቀርም» ብሎ እቤት መቀመጥ አደጋ ነው።

ፋይብሮማያልጂያ ግን በደምም በራጅም አይታይም። በ1990 የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ (የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ሐኪሞች ማኅበር ነው) ባወጣው መስፈርት ሐኪሙ ሰውነት ላይ 18 ቦታዎችን በጣቱ እየተጫነ ይፈትሽ ነበር፤ ቢያንስ 11ዱ ካመሙ ነው ይባላል። በ2010 ይህ ተቀየረ። አሁን የሚጠየቀው ሕመሙ ስንት የሰውነት ክፍል እንዳዳረሰ፣ እንቅልፉ ያሳርፍ እንደሆነ፣ ሐሳብ መሰብሰብ ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ ይህ ሁሉ ቢያንስ ሦስት ወር መቆየት አለመቆየቱ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ዋናው መመርመሪያ የሕመምተኛዋ አንደበት ነው። የማይሰማት ሐኪም ሊያገኘው አይችልም።

ታዲያ ውስጥ ምን እየሆነ ነው? ሕመምን የሚያስተላልፈውና የሚመዝነው የነርቭ ሥርዓታችን፣ ማለትም አእምሮና ሰረሰር፣ ከልክ በላይ ንቁ ሆኗል። የኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና ድመት ስትዘልበት ሰፈሩን በአላርም ሲያናውጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? መኪናው አልተሰረቀም፣ መስታወቱም አልተሰበረም። ጩኸቱ ግን እውነተኛ ነው። ፋይብሮማያልጂያም እንደዚሁ ነው። መገጣጠሚያዬ እየተበላ አይደለም፣ ጡንቻዬ አልተቀደደም፤ የሚሰማኝ ሕመም ግን የእውነት ነው። ብርሃን፣ ድምፅ፣ ብርድ፣ የጡት ማስያዣ ገመድ፣ የታክሲ ወንበር፣ አንዳንድ ቀን ሁሉም ያማል። ሰላምታ ሲባል ትከሻ ለትከሻ መገጫጨት አለ አይደል? እሱ ሳይቀር።

ድካሙ ደግሞ ሌላ ነው። ስለ ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄን ያዙልኝ፤ የሕመሙ ዋና መለያ ድካሙ ብቻ ሳይሆን ከልፋት በኋላ የሚመጣው ውድቀት ነው። ሕመምተኞች ክራሽ እንለዋለን። ዛሬ ሰርግ እሄዳለሁ፣ እስቃለሁ፣ ፎቶ እነሳለሁ። ያየኝ ሁሉ «ተመስገን፣ ድነሻል» ይላል። ውድቀቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በማግስቱ ወይም ከነገ ወዲያ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንም አያየኝም። ጉሮሮዬ ያብጣል፣ ጉንፋን የያዘኝ ይመስለኛል፣ መብራት ያስጠላኛል፣ ስልክ ማንሳት ያቅተኛል፣ አንድ አንቀጽ ደጋግሜ አንብቤ ምን እንዳለ አላውቅም። መዋያዬ አልጋ ይሆናል፤ አንዳንዴ ለሳምንታት። ለዚህ ደግሞ ሰርግ የሚያህል ነገር ሁልጊዜ አያስፈልግም። አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን ውሃ ማውጣት ይበቃል። ረጅም የታክሲ ሰልፍ ይበቃል። ከሰው ጋር መጨቃጨቅም ይበቃል፤ የአእምሮ ልፋትና ጭንቀትም ከጉልበት ሥራ እኩል ይጥላል።

አሁን «ጠንከር በይ» ለምን እንደማይሠራ ይታያችኋል። ጠንካራ መሆን ማለት ሰውነት በቃኝ ሲል አልፎ መሄድ ነው። በዚህ ሕመም ግን ያን መስመር ባለፍን ቁጥር ዋጋውን የምንከፍለው ከነገው አቅማችን ነው። በተደጋጋሚ ሲሆን ደግሞ አቅሙ ራሱ እየወረደ ይሄዳል።

ይህን ምክር የሰጡን ዘመድ ጎረቤት ብቻ እንዳይመስሏችሁ። ሕክምናው ራሱ ለዓመታት በመመሪያ ደረጃ ጠንከር በሉ ሲለን ኖሯል። ታሪኩን ትንሽ ልንገራችሁ፤ ሳነበው እንቅልፍ የነሳኝ ታሪክ ነው።

በ1955 ለንደን ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች በአንድ ምንነቱ ባልታወቀ ሕመም ተያዙ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ኤም ኢ የሚለው የክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም የቆየ ስም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1969 የዓለም ጤና ድርጅት የነርቭ ሥርዓት ሕመም ብሎ መዘገበው። በዓመቱ፣ በ1970፣ ሁለት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የድሮውን የሆስፒታል መዝገብ ገልብጠው አዩና የጅምላ ሂስቴሪያ ነው አሉ። ከምክንያቶቻቸው አንዱ ምን መሰላችሁ? የታመሙት በብዛት ሴቶች መሆናቸው። ይሄ አባባል ለአሥርተ ዓመታት ተከተለን።

በ2011 ደግሞ ፔስ የተባለ ትልቅ የእንግሊዝ ጥናት በላንሴት መጽሔት ወጣ። 641 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ነው። መልእክቱ በአጭሩ፣ ደረጃ በደረጃ እየጨመራችሁ ስፖርት ሥሩ፣ ስለ ሕመሙ ያላችሁን አስተሳሰብ በንግግር ሕክምና ቀይሩ፣ ትሻላላችሁ የሚል ነበር። ሕመምተኞች እኛ በዚህ ዘዴ ወደቅን እያሉ ጮኹ፤ የሚሰማቸው ጠፋ። አንድ አውስትራሊያዊ ሕመምተኛ የጥናቱ ጥሬ መረጃ ይሰጠኝ ብሎ ተሟገተ። በ2016 የእንግሊዝ የመረጃ ነጻነት ጉባኤ መረጃው እንዲሰጥ ወሰነ። መረጃው እንደገና ሲሰላ፣ ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ራሳቸው ባስቀመጡት መለኪያ መሠረት፣ አገገሙ የተባሉት ሰዎች ቁጥር እጅግ አነሰ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በጥቅምት 2021 መመሪያውን ቀየረ፤ በታቀደ መጠን እየጨመሩ የሚሄዱ የስፖርት ፕሮግራሞች ለእነዚህ ሕመምተኞች እንዳይሰጡ አለ። እነዚህ ሕመምተኞች ከአልጋቸው ሆነው ነው የተሟገቱት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እኮራባቸዋለሁ።

እዚህ ላይ ግን እንደኔ ሁለቱም ላለበት ሰው ከባድ ነገር ይመጣል። ለፋይብሮማያልጂያ ብቻውን እንቅስቃሴ ጥሩ ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር በ2017 ያወጣው ምክር ላይ ከሕክምናዎቹ ሁሉ በጠንካራ ማስረጃ የተደገፈው የአካል እንቅስቃሴ ነው። አንዱ ሕመም ተንቀሳቀሽ ይላል፣ ሌላው ከልክ ካለፍሽ እጥልሻለሁ ይላል። ፋይብሮማያልጂያን ብቻ የሚያውቅ ሐኪም ጂም ግቢ ይልሻል፣ ዘመድ ደግሞ ተኚ ይልሻል። ሁለቱም ለብቻቸው አይሆኑም።

እኔ የምሠራበት መንገድ በእንግሊዝኛ ስሙ ፔሲንግ ይባላል፤ አቅምን እየቆጠቡ መኖር ነው። ሰውነት ሳያስቆመን በፊት እኛ እንቆማለን። የምለካው ደግሞ ዛሬ በተሰማኝ አይደለም፤ ነገና ከነገ ወዲያ በሆንኩት ነው። ትናንት በረንዳ ላይ ትንሽ ተራመድኩ፣ ዛሬ ደህና ነኝ፤ እንግዲያው ያ መጠን ይስማማኛል ማለት ነው። ካልተስማማኝ እቀንሳለሁ። ሰውነት ማሳሳብ ሲያስፈልገኝ አልጋ ላይ ተኝቼ ነው የምሠራው። ሽንኩርት ቁጭ ብዬ እልጣለሁ። ልብስ በአንድ ቀን አላጥብም። ቡና ሲጠሩኝ «መጥቼ ትንሽ ልጋደም፣ ቅር እንዳይልሽ» ብዬ እነግራለሁ፤ የሚወዱኝ ፍራሽ አንጥፈው ይጠብቁኛል። ደህና በሆንኩበት ቀን ደግሞ ሁሉንም ልጨርስ የሚለውን ስሜት መያዝ አለብኝ። ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ወጣት ስትሆኑ ደህና የሆናችሁበት ቀን ብርቅ ነው፤ ሙሉውን ልትጠጡት ትፈልጋላችሁ።

ልቅሶ ሌላው ጣጣ ነው። ሳትደርሺ ብትቀሪ ዓመት ሙሉ ይወራል። አንዲት አክስቴ «አንቺ ልጅ፣ በወጣትነትሽ ምነው እንዲህ አልጋ ወደድሽ?» አሉኝ፣ ሰው ፊት። «እትዬ፣ እርስዎ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይተኙ ትኩሳት ይዞዎት ያውቃል? እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነኝ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ኋላ ላይ ደውለው ልብሴን ይዘው ሄደው አሳጠቡልኝ። ሰዎች አይገባቸውም ብለን ቶሎ ተስፋ እንቆርጣለን፤ ግን አንዳንዴ የሚያውቁት ነገር ጋር ስናገናኝላቸው በደንብ ይገባቸዋል።

ስለ መድኃኒት በአጭሩ። ለክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም ተብሎ በአሜሪካ የጸደቀ መድኃኒት የለም። ለፋይብሮማያልጂያ በአሜሪካ ፕሪጋባሊን በ2007፣ ዱሎክሴቲን በ2008፣ ሚልናሲፕራን በ2009 ጸድቀዋል። በኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ነው፤ የቆየና ርካሽ መድኃኒት ነው፣ በትንሽ መጠን ማታ ይወሰዳል። ድባቴን ለማከምም ስለሚውል ወረቀቱን ያነበበ ቤተሰብ ይደነግጣል። አትደንግጡ። በትንሽ መጠን ሲሰጥ ለሕመሙና ለእንቅልፉ ነው። ድባቴ ላለበት ቢሰጥስ ምን ነውር አለው? ዳይክሎፌናክ መርፌ በየሳምንቱ መወጋት ግን ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረዳም፣ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ትራማዶልን ከጓደኛ ተቀብላችሁ እንዳትውጡ፤ ሱስ ያስይዛል። መጠንና ዓይነት የሐኪማችሁ ሥራ ነው።

ከጥያቄዎቹ ጥቂቱን ላንሳ።

«ይድናል ወይ?» አለኝ አንድ ልጅ። ፋይብሮማያልጂያ አይገድልም፣ አካልም አያጎድልም፤ ብዙ ሰው በጊዜ ሂደት የሚያስተዳድርበትን መንገድ ያገኛል። ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድረም አዋቂ ላይ ሙሉ በሙሉ መዳን ብዙ አይታይም፤ በልጅነት የታመሙት የተሻለ ዕድል አላቸው። መሻሻል ግን አለ። እኔ ዛሬ እዚህ ደርሼ ማውራቴ ራሱ መሻሻል ነው። ሌላውን እውነት ደግሞ መደበቅ አልፈልግም፤ በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ያወጣው ሪፖርት ከሕመምተኞቹ ቢያንስ ሩቡ በሆነ ጊዜ ከቤት ወይም ከአልጋ መውጣት የማይችሉ እንደሆኑ ይናገራል። እነሱ እንዲህ ያለ አዳራሽ አይመጡም። ሰው ቤት ውስጥ በር ተዘግቶባቸው ያሉ ስንት ልጆች እንዳሉን አስቡ።

አንዲት እናት እያለቀሱ «ልጄን እንዴት ልርዳት?» አሉኝ። እማማ፣ መጀመሪያ እመኗት። ቀጥሎ ከመጠየቅ ይልቅ ያድርጉላት፤ «ምን ላድርግልሽ?» ሲሏት ለማሰብም አቅም ይፈልጋል። ሾርባውን አምጥተው አጠገቧ ያስቀምጡና መጋረጃውን ይዝጉላት። ትምህርቷን ልታቋርጥ ከሆነ ዝም ብላ ከምትጠፋ ዊዝድሮው፣ ማለትም ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ ፎርም፣ እንድትሞላ ያግዟት፤ ወረቀት ከሞላች ተመልሳ መግባት ትችላለች፣ ኤፍ ከተከመረባት ግን ከሕመሙም በላይ እሱ ይጎዳታል። ወጣትነቷ እንዳለፈ አያስመስሉባት። ጓደኞቿ ይምጡ፣ አልጋዋ ዳር ተቀምጠው ያውሩ፣ ስትደክም ይሂዱ።

የመጨረሻዋ ጠያቂ ሱቅ ውስጥ ሽያጭ ላይ የምትሠራ ልጅ ናት። ቀኑን ሙሉ ትቆማለች፤ ለአለቃዋ ለመናገር ፈራች። እህቴ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ የቀረው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልግሻል። ከፈቃዱ በፊት ግን ወንበር ጠይቂ። ሐኪምሽ የሕመሙን ስም ብቻ ጽፎ እንዳይሰጥሽ፤ አለቃሽ ፋይብሮማያልጂያ የሚለውን አንብቦ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። «ለረጅም ሰዓት መቆም የለባትም፣ እየተቀመጠች እንድትሠራ ይደረግ፣ ከባድ ዕቃ አታንሳ፣ በመሃል እረፍት ታግኝ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍልሽ። ወንበሩ ለሱቁም ቢሆን አንቺን ከማጣት ይረክሳል። ደብዳቤውን በእጅ ስታስገቢ ቅጂው ላይ አስፈርመሽ አንዱን ለራስሽ አስቀሪ።